ዘማች እንጂ ተማሪ አልላክንም

አማርኛችን አንዳንድ ጊዜ ከታሪክ መጽሐፍ ይበልጥ ያጋልጠናል። «ባላገር» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ባለ አገር፣ የአገር ባለቤት ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ማዕረግ ከየት ይመጣል? ከተሜው ግን ስድብ አደረገው። አስፋልት መሻገር የፈራ፣ ሊፍት ውስጥ የተደናበረ፣ ሹካ አያያዝ ያልሆነለት ሁሉ «ባላገር!» ይባላል። «ዘመቻ» የሚል ሌላ ቃል ደግሞ አለን። ዘመቻ የጦር ቃል ነው፤ ዘማች ስንቁን ቋጥሮ ጠላት ወዳለበት ይሄዳል። እኛ ተማሪ ወደ ገጠር በተንቀሳቀሰ ቁጥር «ዘመተ» እንላለን። መሃይምነትን ለማጥፋት ዘመቻ፣ እርከን ለመሥራት ዘመቻ፣ ችግኝ ለመትከል ዘመቻ። ሄዶ፣ ቁጭ ብሎ፣ አድሮ ለመማር ግን የለመድነው ስም የለንም።

ዕድሜዬን በከፊል ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስላሳለፍኩ ነገርን ከቃል መጀመር ይቀናኛል። ይህን ያነሳሁት ግን ለቋንቋ ጨዋታ አይደለም። በብዙ አገሮች የከተማ ተማሪዎችን ከነመምህራቸው ጫካ ወይም ወንዝ ዳር ወስዶ፣ ለጥቂት ቀናት እዚያው እያሳደሩ ስለ አፈሩ፣ ስለ ውኃውና ስለ ዛፉ ማስተማር የታወቀ የትምህርት ክፍል ከሆነ ቆይቷል። እኛስ? ተማሪን ወደ ገጠር በመላክ እንኳን የምንታማ አይደለንም። በሺዎችና በአሥር ሺዎች ልከናል። ጥያቄው «ምን ብለን ላክነው?» የሚለው ነው።

ከጥንቱ እንነሳ። የቆሎ ተማሪ ከቤቱ የሚወጣው ለመማር ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ አገር ያቋርጣል። ዋሸራ ወይም ጎንጅ ወይም ዋድላ ሲደርስ ከየኔታ ደጅ ይጠጋል፤ ከጓደኞቹ ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ጎጆ ይቀልሳል። እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ በየደጁ እየዞረ ይለምናል፣ ከውሻ ጋር ይታገላል። ትምህርቱ የመጽሐፍ ትምህርት ነው፤ ኑሮው ግን ሳይወድ በግድ ተፈጥሮን ያስተምረዋል። የሚጽፍበት ቀለም ከቅጠልና ከጥላሸት ይበጠበጣል፤ ብራናው የፍየል ቆዳ ነው። ቅኔ ሲቆጥር ከባልንጀሮቹ ተነጥሎ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ላይ ብቻውን ይቀመጣል። ዛሬ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል፣ እርሻ በዋጠው ሜዳ መካከል እንደ ደሴት ቀርቶ የምናየው የቤተ ክርስቲያን ደን ለስንቱ ቅኔ ቤት የመማሪያ ክፍል ነበር።

ይህን ሕይወት ላቆነጀው አልፈልግም። ረኃብ ነበረበት፣ እከክ ነበረበት፣ ጅራፍ ነበረበት፤ ሴት ልጅም ከጥቂቶች በቀር አልገባችበትም። ሆኖም አንድ ትልቅ ነገር ነበረው። ተማሪው ባላገሩ ደጅ የሚቆመው እየለመነ ነው። ቁራሽ እንጀራውን የሚሰጠውን ሰው መናቅ አይችልም። የተማረው ከማይማረው በታች ሆኖ የሚቆምበት ሥርዓት ነበር ማለት ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ አቋቋሙ ተገለበጠ። በ1957 ዓ.ም. የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወጥተው እንዲያገለግሉ ደነገገ። አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሪ ሆኑ። ከዚያ በኋላ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ መጣ። ዩኒቨርሲቲውና የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ተዘጉ፤ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ካኪያቸውን ለብሰው በአገሪቱ ተበተኑ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ገበሬውን ማደራጀት የእነርሱ ሥራ ሆነ። ከባላባትና ከፖሊስ ጋር ተጋጭተው በዚያው የቀሩ አሉ። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀጠለ፤ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን የዓለም አቀፉን የንባብ ማኅበር ሽልማት አስገኝቷል።

ይህን ሁሉ ላጣጥል አልተነሳሁም። ለሰው ፊደል ማስቆጠር ትንሽ ነገር አይደለም። አያቴ ስሟን መጻፍ የተማረችው በዚያ ዘመቻ ነው። አስተማሪዋ ከከተማ የመጣ ጎረምሳ ነበር፤ ትዕግሥተኛና ጨዋ ልጅ። እርሳስ አያያዝ በእጇ ላይ እጁን ጭኖ አሳያት። እርሷ ደግሞ የራሷ ትምህርት ነበራት። ለምች ዳማከሴ፣ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም፣ ለእንስራ ማጠኛ ወይራ፤ የትኛው እንጨት ያለ ጭስ እንደሚነድ፣ የትኛው ለሞፈር እንደሚሆን፣ ደመናው ከየት በኩል ሲጠቁር ዝናቡ የእውነት እንደሚሆን ታውቃለች። ልጁ ወራት ከርሞ ሲሄድ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልጠየቃትም። ክፋት ኖሮበት አይደለም። እንዲጠይቅ አልተላከማ! የተላከው ብርሃን ይዞ ነው፤ ብርሃን ይዞ የሚሄድ ሰው ደግሞ የሚሄድበትን ቦታ ጨለማ ብሎ ነው የሚነሳው።

ታሪክ አንዳንዴ ይቀልዳል። የዩኒቨርሲቲው አገልግሎት በተጀመረበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1964 አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ቆሞ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ ይባላል፤ የሚያጠናው ቢልሃርዝያን ነበር። የበሽታው ተሸካሚዎች ውኃ ውስጥ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። አክሊሉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከተ፤ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ደግሞ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አየ። ከዚያ እይታ የዕድሜ ልክ ምርምር ተወለደ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» በሚባለው ሽልማት ተከበሩበት። ልብ በሉ፤ እንዶድ አዲስ ነገር አልነበረም። እናቶቻችን ከስንት ዘመን ጀምሮ ሲያጥቡበት ኖረዋል። አዲስ የሆነው ነገር አንድ የተማረ ሰው ወንዝ ዳር ቆሞ አፉን ዘግቶ ማየቱ ነው። እንግዲህ በዚያ ዓመት ሁለት መንገድ ተከፍቶልን ነበር ማለት ነው። አንዱ ገጠር ሄዶ ማስተማር፣ ሌላው ገጠር ሄዶ ማየት። የመጀመሪያውን አዋጅ አወጣንለት፣ ዘፈን አወጣንለት፣ የደንብ ልብስ ሰፋንለት። ሁለተኛውን ለአንድ ሰው ዕድልና ብልህነት ተውነው።

ሌሎቹ ሁለተኛውን መንገድ እንዴት የትምህርት ቤት ሥርዓት እንዳደረጉት ማየት ይጠቅማል። የእንግሊዞቹ ታሪክ ከጦርነት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1939፣ ከተሞች በቦምብ ይደበደባሉ ተብሎ በጥቂት ቀናት ውስጥ እናቶችን ጨምሮ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ወደ ገጠር ወጣ፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ናቸው። ወተት ከጠርሙስ እንጂ ከላም የሚመጣ የማይመስላቸው የለንደን ልጆች ነበሩበት። በዚያው ዓመት በወጣ ሕግ የተሠሩ የእንጨት ካምፖች የተማሪዎች ማደሪያ ሆኑ፤ ሰሪ ውስጥ የሚገኘው ሴየርስ ክሮፍት ጦርነቱን የለንደን ልጆች አሳድሮ፣ ከጦርነቱ በኋላም የተማሪዎች የመስክ ትምህርት ማዕከል ሆኖ ቀጠለ። ቦምቡ ገና ሳያባራ፣ በ1943፣ ፍራንሲስ በትለር የተባለ የለንደን የትምህርት ተቆጣጣሪ ተማሪዎች እያደሩ ተፈጥሮን የሚያጠኑባቸው ማዕከላት እንዲቋቋሙ ማኅበር መሠረተ። የመጀመሪያው ማዕከል በ1946 ፍላትፎርድ በሚባል የወፍጮ ቤት ተከፈተ፤ ሠዓሊው ጆን ኮንስተብል እየደጋገመ የሣለው ያ የአባቱ ወፍጮ ነው። አገር ፈርሶ ሳለ፣ ዳቦ በራሽን ሳለ፣ ልጆች ረግረግ ውስጥ ገብተው ነፍሳት እንዲቆጥሩ ቤት ማዘጋጀት እንደ ቅንጦት አልታየም።

አሜሪካኖቹ ዘንድ የዚህ ሐሳብ ዋና አባት የሚባለው ሎይድ ሻርፕ ነው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ለድሃ የከተማ ልጆች የተዘጋጁ የክረምት ካምፖችን ሲመራ፣ ክፍል ውስጥ የተሻለ የሚገባው ክፍል ውስጥ፣ ደጅ የተሻለ የሚገባው ደጅ ይሰጥ የሚል ቀላል መርሕ አቆመ። በ1940 ደግሞ መምህራኑን ራሳቸውን የሚያሠለጥን ካምፕ ከፈተ። የዚህ ዘር ጎልቶ የበቀለው ኦሪገን በሚባለው ግዛት ነው። በ1966 ፖርትላንድ ከተማ ያለችበት ወረዳ የስድስተኛ ክፍል ልጆችን ለአንድ ሳምንት ጫካ የሚያሳድር «የደጅ ትምህርት ቤት» ጀመረ። አፈር፣ ውኃ፣ ዕፅዋት፣ እንስሳት በየተራ ይጠናሉ። ልጆቹን የሚጠብቋቸው የሁለተኛ ደረጃ በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ናቸው፤ ትናንት ራሳቸው የተማሩበት ቦታ ማለት ነው። በዚያ ሳምንት ሁሉም ከዛፍ ግንድ በተቆረጠ ክብ እንጨት ላይ ስሙን ጽፎ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። በጀት ሲቆረጥ ሳምንቱ ወደ ሦስት ቀን ያጠረባቸው፣ ጨርሶ የቀረባቸውም ትምህርት ቤቶች ነበሩ። በኅዳር 2016 ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ፤ ከመራጮች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከሎተሪ ገቢ በዓመት እስከ 22 ሚሊዮን ዶላር ለዚህ እንዲውል ወሰኑ። ለአንድ ሳምንት ጫካ!

«ጠዋት ወስዶ ማታ መመለስ ምን አለው? ማደሩ ለምን አስፈለገ?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። የእኛን የትምህርት ጉዞ አስቡት። አውቶቡስ፣ ጣራ የሚያነሳ ሙዚቃ፣ ቦርሳ ሙሉ ቺፕስ፣ ሐይቁ ዳር ፎቶ፣ ማታ ቤት። ልጁ ሐይቁን አየ እንጂ ከሐይቁ ጋር አልዋለም። የሚያድር ልጅ ግን ጨለማን ያገኛል፤ መብራት ያልነካው ሰማይ ያያል፤ ጅብ ሲጮኽ ሰምቶ ጓደኛው ላይ ይለጠፋል። ትናንት ያየውን ጅረት ከዝናብ በኋላ ደፍርሶ ሲያገኘው አፈር መሸርሸር ማለት ምን እንደሆነ መጽሐፍ ሳይገልጥ ይገባዋል። የበላበትን ሳህን ራሱ ሲያጥብ ውኃ ከየት እንደተቀዳ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ ውስጥ 150 ጥናቶችን የመረመረ አንድ ግምገማ ረዘም ያለ ቆይታ ከአጭሩ እንደሚበልጥ፣ አስቀድሞ ካልተዘጋጁበትና ክፍል ከተመለሱ በኋላ ካልተከታተሉት ግን ፋይዳው እንደሚሳሳ አሳይቷል። በ2005 ካሊፎርኒያ ውስጥ 255 የስድስተኛ ክፍል ልጆች ላይ የተደረገ ጥናትም በመስኩ ያደሩት ልጆች የሳይንስ ዕውቀታቸው 27 በመቶ እንደጨመረ፣ ከሳምንታት በኋላም እንዳልጠፋ አግኝቷል።

ይህ ማለት ጫካ በራሱ ቅዱስ ነው ማለት አይደለም። በአፓርታይድ ዘመን ትራንስቫል ውስጥ «የሜዳ ትምህርት ቤት» የሚባል ነበር። ነጭ ተማሪዎችን ለቀናት በረሃ አሳድሮ፣ ከተፈጥሮ ትምህርቱ ጋር የመንግሥቱን ፍርሃትና የጠላት ዝርዝር ያስተምራቸው ነበር። ድንኳኑ ያው ድንኳን፣ እሳቱም ያው እሳት ነው። ልዩነቱ ያለው እሳቱ ዳር ተቀምጦ የሚናገረው ማን እንደሆነ ነው። በዚያችው ደቡብ አፍሪካ፣ ከነጻነት በኋላ፣ «ኢምቤዉ» የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ፤ ዘር ማለት ነው። የጥቁር መንደር ልጆች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሲያድሩ የሚያስተምሯቸው በዕድሜ የገፉ አገር አዋቂዎች ሆኑ።

ዘር የሚል ስም ያለው ፕሮግራም እኛም አገር አለ። ኬንያውያን ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 የዱር እንስሳት ክበባትን ሲያቋቁሙ እኛም ማኅበር አላጣንም፤ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበራችን በ1966 የተመሠረተ ነው። ልጆችን ጫካ ማሳደሩ ግን ብዙ ቆይቶ መጣ። በ2004 የተመሠረተው መልካ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት «ሰኚ» ብሎ በኦሮምኛ ዘር የሚል ስም ሰጥቶ ወጣቶችን ለጥቂት ቀናት ጫካ ሲያሳድር ቆይቷል። መናገሻ ሱባ አንዱ ቦታ ነው፤ ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚባለው ደን። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ጉሬዛው፣ የምኒልክ ድኩላ ሁሉ አዲስ አበባ አፍንጫ ሥር አለ። ከሁሉ ልቤን የሚነካኝ ሁለት ነገር ነው። ሽማግሌዎች ለአስተማሪነት ይቀርባሉ፤ ልጁም ብቻውን ዝም ብሎ ከተፈጥሮ ጋር የሚቀመጥበት ሰዓት ይሰጠዋል። ቅኔ ቆጠራ በሉት! ከሌላ ዓለም የመጣ የመሰለን ነገር የየኔታ ተማሪ ያውቀው የነበረ ነገር ነው።

ያም ሆኖ ይህ የጥቂት ክበባት ዕድል ሆኖ ቀረ። ትምህርት ቤቱ ግን በራሱ መንገድ ቀጥሏል። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ «አካባቢ ሳይንስ» የሚባል ትምህርት ለታችኞቹ ክፍሎች ተቀርጿል። ስሙ እንዴት ያምራል! ልጁ ግን አካባቢን የሚማረው ጀርባውን ለአካባቢው፣ ፊቱን ለጥቁር ሰሌዳ ሰጥቶ ነው። በሌላ በኩል የችግኝ ዘመቻ አለን፤ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. መንግሥት በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን አስታውቋል። ዛፍ መትከልን የሚጠላ ሰው የለም። ግን እስቲ ችግኝ የተከለ ተማሪ አግኝታችሁ «የተከልከው ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። «ችግኝ» ይላችኋል። ስሙን አያውቀውም፤ ቁጥሩን ነው የሚያውቀው። ለዘማች የሚነገረው ቁጥር ነዋ!

ይህ ለእኔ የሙያ ጉዳይም ነው። ልብ ወለድ ሳስተምር በተደጋጋሚ ያየሁት ነገር አለ። ደራሲው ባለታሪኩን ብሳና ጥላ ሥር ያስቀምጠዋል፤ ከዋንዛ ሥር ያስተኛዋል፤ በአጋም ቁጥቋጦ ያስደብቀዋል። ለከተማ ልጆቼ ሦስቱም «ዛፍ» ናቸው። አጋም የሚዋጋ፣ የሚበላ ፍሬ ያለው ቁጥቋጦ መሆኑን የማያውቅ አንባቢ፣ ደራሲው ሰውዬውን እዚያ ለምን እንደደበቀው አይገባውም፤ ደም እንዳለበት አያይም። ቃሉ መዝገበ ቃላት ውስጥ ይኖራል፣ ዓለሙ ግን ከልጁ ጭንቅላት ወጥቷል። ዓለሙ የወጣ ቃል ደግሞ ብዙ አይቆይም። ልጆቻችን እንግሊዝኛ ስለወደዱ ብቻ አማርኛና ኦሮምኛ የሳሳባቸው ይመስለናል። ግማሹ ምክንያት ቃሉ የሚጠራውን ነገር አይተውት ስለማያውቁ ነው።

ተቃውሞው አይጠፋኝም። ገንዘብ የት አለ? ወላጅ ልጁን ያምናል ወይ? በብዙ አካባቢ መንገዱ ሰላም አይደለም፤ ይህን አይቶ እንዳላየ ማለፍ ሕፃናት ላይ መቀለድ ነው። ሰላም በሌለበት አይሄድም፤ አለቀ። ሰላም ባለበት ግን ሰሪና ኦሪገን መሄድ አያስፈልገንም። ቅርብ ደን፣ የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ፍራሽ፣ ሽሮ፣ በቂ ጠባቂና ሐኪም ቤት የሚያደርስ መኪና ካለ ለሦስት ሌሊት ይበቃል። በየክረምቱ ለሚታተመው ቲሸርትና ባነር የሚወጣውን ብቻ እንኳን ብናሰላው... ኧረ ይቅር፣ እሱን ስታሰሉ እናንተው ትስቃላችሁ።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደን ሌላ ነው። ተማሪው እንዲማር ከላክነው ባላገሩ አስተማሪ መሆኑን መቀበል አለብን። ይህ በአዋጅ የሚሆን ነገር አይደለም፤ በደመወዝ መክፈያ ወረቀት ይጀመራል። የመስክ ጉዞ ስናቅድ ለሾፌሩ አበል አለ፤ ለመምህሩ አበል አለ፤ ለኃላፊው እንዲያውም ሁለት ዓይነት አበል አለ። ለሦስት ቀን ልጆቹን ጫካ ለጫካ እየመራ ዛፉን በየስሙ ለሚጠራላቸው ገበሬ፣ የእንዶድን ፍሬ ቀጥቅጣ አረፋውን ለምታሳያቸው እናት ግን ጭብጨባና ምስጋና ነው ያለው። አንድ ትምህርት ቤት ይህን ልጀምር ካለ የእኔ ምክር አንድ ነው። ከአውቶቡሱ በፊት፣ ከፍራሹም በፊት፣ የእነዚህን ሰዎች ስም በመምህራኑ ዝርዝር ላይ ያስፍር፤ ከስማቸው ትይዩም የመምህር ክፍያ ይጻፍ። ለልጆቹም ሲሄዱ «ዘመታችሁ» አይበላቸው። ባለ አገሩ ዘንድ ልትማሩ ነው ይበላቸው።